የሠራተኛ ግጥም ቦታው ስብሰባው ነው

በአዲስ አበባ የግጥም ምሽቶች ስለ ቀን ሠራተኛው፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ፣ ስለ ጥበቃው የሚነበብ ግጥም ሞልቷል። የሚታጣው ሠራተኛው ነው። መግቢያ ተከፍሎ፣ ከሙዚቃ ጋር፣ ማታ የሚቀርብ ሥራ የማታ ፈረቃ ላይ ያለችውን ልጅ ከየት ያገኛታል? ጉዳቱ ለግጥሙም ይተርፋል። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ፊቱ ስለሌለ ገጣሚው «ላብ»፣ «ደም»፣ «ሰንሰለት» ብሎ ያልፋል፤ ስለ ምርት ኮታው፣ ስለ ትርፍ ሰዓቱ ስሌት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ስለሚጠየቀው ፈቃድ የሚያነሣ የለም። ታዳሚው ያጨበጭባል፤ «ይሄማ እንዲህ አይደለም» የሚል አይገኝም።

ግጥምን በሠራተኛው ስብሰባ ላይ የማቅረብን ሙያ በቅጡ ያሳዩት የደቡብ አፍሪካዋ የደርባን ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ኮሮኔሽን ከተባለ የጡብ ፋብሪካ የተነሣው የሥራ ማቆም ከተማዋን አዳርሶ ከ60 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አሳተፈ። ከዚያ እንቅስቃሴ የወጡት ማኅበራት በ1979 ፎሳቱ በተባለ ፌዴሬሽን ተሰባሰቡ። አልፍሬድ ቴምባ ቃቡላ በደንሎፕ የጎማ ፋብሪካ የፎርክሊፍት ሾፌር ነበር፤ ዕቃ እያነሣ እያወረደ ግጥሙን በቃሉ ይሠራ ነበር። በ1984 ለፎሳቱ ሲያወድስ፣ የቤተ መንግሥት አወዳሽ ለንጉሥ የሚደረድረውን «ኢዚቦንጎ» የተባለ ቅርጽ ወሰደና ንጉሡን አውጥቶ ማኅበሩን አስገባበት። ማኅበሩ ሠራተኛው የሚሸሸግበት፣ የሚንቀሳቀስ ደን ሆነ። የትግል ባልደረባው ሚ ስዱሞ ህላትሽዋዮ እና በትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር የነበረችው ኒሴ ማላንጌም በዚያው መንገድ ሄዱ።

ቅርጹ የሠራው ሰሚው ስለሚያውቀው ነው። የት ላይ እንደሚመለስ፣ የት ላይ እንደሚጮህ ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። አወዳሹ ንጉሡን የመገሠጽ መብትም ነበረው፤ ይህ መብት ከቅርጹ ጋር አብሮ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ገባ። ነገሩ አደጋም ነበረበት። የዙሉ ወግ ባለቤት እኔ ነኝ ይል የነበረው ኢንካታ የተባለ የፖለቲካ ድርጅት በሜይ 1 ቀን 1986 እዚያው ደርባን የራሱን ተቀናቃኝ ማኅበር መሠረተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የሳርምኮል ፋብሪካ አድማኞች ካዘጋጁት ተውኔት ተዋንያን አንዱ የነበረው ሳይመን ንጉባኔ ከሌሎች የትግል ጓዶቹ ጋር ተገደለ። ኪነት ለአድማኞቹ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልተደረሰ።

ወደኛ እንምጣ። የአዲስ አበባ ስፖክን ወርድ (በመድረክ የሚነገር ግጥም) አቅራቢ የእጅ እንቅስቃሴውንና የድምፅ አጣጣሉን ከአሜሪካ ቪዲዮ ሲቀዳ፣ አውራጅና ተቀባይ ያለውን የደቦ ዘፈን ደጁ ላይ ትቶት ነው። ቀረርቶና ፉከራ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ገዳይን የሚያሞግስ ቅርጽ ለደመወዝ ድርድር አይመችም፤ ከየትኛው ወገን ነህ የሚል ጥርጣሬም አዳራሹን ይከፍላል። በሥራ ላይ ጉዳት ጣቷን ላጣች ወይም ከፎቅ ወድቆ ለሞተ ሠራተኛ ከሆነ ሙሾ ከሁሉም ይልቃል፤ አልቃሽ ስም ትጠራለች፣ ሥራውን ትዘረዝራለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከተለያየ ፈረቃና ክፍል አምስት ስድስት ሠራተኞች ይቀመጡና የማሽኑን ስም፣ የአለቃውን ማዕረግ፣ የቅጣቱን መጠሪያ በራሳቸው አነጋገር ይናገሩ። ገጣሚው ይጻፍ፣ ያንብብላቸው፣ የሳቁበትን ስንኝ ያውጣ። ርዝመቱ አራት ደቂቃ፣ ቢበዛ 350 ቃል፤ ደጅ ላይ ከሆነ 250 ይበቃል፣ ምክንያቱም በሜጋፎን ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ሜጋፎን ረጅም ስንኝ ይበላል፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሲያልቅ ቤት መምቻው አይሰማም። ስለዚህ አምስት አምስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ያለው ሰንጎ መገን የተባለ የግጥም ምት ስድስት ስድስት ከሆነው የወል ቤት ይሻላል። ተቀባዩ የሚመልሰው ሐረግ ከአውራጁ ያጥር፤ ከአራት እስከ ስድስት ቀለም። ሕዝቡ ሐረጉን አጥርቶ የሚይዘው ሦስተኛው ላይ ስለሆነ፣ ሁለቴ ብቻ ተብሎ የሚተው አዝማች ገና ሳይጀመር ያልቃል። ሦስት አራት ሰዎች አስቀድመው አጥንተውት በሕዝቡ መሐል ተበታትነው ይቁሙ።

ትልቁ ብልሽት ከቤት መምታት ይመጣል። «ሠራተኛ» ብሎ የጨረሰ ገጣሚ በ«ኛ» የሚያልቅ ቃል ፍለጋ ሄዶ «እውነተኛ» ይዞ ይመለሳል፤ ስንኙም ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ብልሽት ሰው በስም መጥራት ነው። የተቆጣጣሪው ስም ከተጠራ ጭብጨባው ይደምቃል፣ በማግስቱ ግን ክርክሩ ስለ ስም ማጥፋት ይሆንና የደመወዙ ጥያቄ ይረሳል። ማዕረጉን፣ ደንቡን፣ የተቆረጠውን ብር መጥራት በቂ ነው።

በርካቶች የማይስማሙበትን ልጨምር፦ ግጥም ከድምፅ አሰጣጥ በፊት መቅረብ የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለሥራ ማቆም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው አባል በተገኘበት ስብሰባ የአብላጫው ድጋፍ ያስፈልጋል፤ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያም አለ። በግለት የወጣ እጅ በእነዚያ አሥር ቀናት ውስጥ ይበርዳል፣ አድማው ሳይጀመር ይከፋፈላል። ስብሰባው ሲከፈት፣ ሰው ገና እየተሰበሰበ ሳለ ይቅረብ፤ ወይም ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ።

የቋንቋው ነገርም አለ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአማርኛ ብቻ የሚቀርብ ግጥም በሲዳምኛና በወላይትኛ የሚያወሩትን ሴቶች አዳማጭ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ቢያንስ ተቀባዩ ሐረግ በሁሉም ቋንቋ ይኑር። የደርባኖቹ ግጥም በ1986 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ዓለም አነበበው፤ የሕዝቡ ምላሽ ግን ገጹ ላይ የለም።

ቃቡላ በኋለኞቹ ዓመታት መሪዎቹንም አልማረም። ሠራተኛውን ሌሎች ወጥተውበት ሲያበቁ ዝናብ ላይ የተተወ መሰላል አድርጎ ሣለው። እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪሞት ድረስ ከማኅበሩ ወደ ሥልጣን የወጡትን አይቷል። እኛም ዘንድ የማኅበር መሪዎች «ግጥሙን አስቀድመን እንይ» ማለታቸው አይቀርም። ይዩት፤ ቁጥሩንና የአዋጁን አንቀጽ ያርሙ። ስለ ራሳቸው የተባለውን ግን ሳይነኩ ይተዉና ከአባላቱ ጋር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ይስሙት።