ሐዋሳ በአርባ ደቂቃ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው «አዲስ አበቤ ነኝ» ሲል መታወቂያ ይጠየቃል። እኛ ራሳችን ፒያሳ ስንሄድ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ነው የምንለው። አራት ኪሎ ያለ ጓደኛዬን ቡና ጠጣ ብዬ ስጠራው «አዳር ነው?» ይለኛል። የፈጣን መንገዱ መግቢያ ግን ደጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ጀምሮ 85 ኪሎ ሜትር ግድም ያለችው አዳማ ከፒያሳ ይልቅ ጎረቤታችን ሆናለች።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ሊያገባ ሆነና ታላቅ ወንድሜ ለእኔና ለእማዬ የአውሮፕላን ትኬት ልቁረጥ አለ። እማዬ «እኔ ከመሬት አልነሳም፣ አባዱላዬ ይሻለኛል» ብላ እምቢ አለች። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ። በመንገድ 275 ኪሎ ሜትር፣ በአየር ደግሞ ወደ 215! አርባ ደቂቃ! «ስትደርሺ ተኝቼ ተነስቼ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት አብረን ከቤት ወጣን። እሷ አስፋልቱን ተሻግራ ከቃሊቲ የመጣ አባዱላ ላይ ጋቢናውን ይዛ ቁጭ። እኔ ደግሞ ሐዋሳ ለመሄድ ጀርባዬን ለሐዋሳ ሰጥቼ ወደ ቦሌ።

አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። «ሞጆ ነኝ፤ አንተስ?» ጎሮ ነበርኩ። ሁለተኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ያውም ሰልፉ ሱቁን ዞሮ የሚያልቅበት ጋ። «ልደርስ ነው» አልኳት። የት እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ሁለት ሰዓት ሲል እንደገና ደወለች። መቂ ላይ ቲማቲም እየገዛች ነው፣ ሰርግ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ቀበቶ እፈታለሁ። ጫማ አውልቅ ተባልኩ፣ አወለቅኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ ይሄን ደግሞ ኤክስሬይ ሳያስፈልገው ሕዝቡ ሁሉ አየ። ከዚያ መቀመጥ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ ስለተባልኩ ሰባት ዓይነት ሰው ሻንጣ ሲጎትት ቆጠርኩ፣ የማኪያቶውን ዋጋ አይቼ ውሃ ጠጣሁ።

አውሮፕላኑን አልወቅሰውም። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓቱ ተነሳ። በመስኮት ስመለከት የኮንዶሚኒየም መደዳ አየሁ። የእኛ ይሁን የሌላ ሰፈር እንጃ፣ ከላይ ሁሉም አንድ ነው። ግን የእኛ ከሆነ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ገና ቤቴ ጣራ ላይ ነኝ ማለት ነው። ቀጥሎ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ እንደተደፋ ውሃ ከታች ተዘርግተው ሲያልፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎሮን ረሳሁት። ኩኪሴን ሳልጨርስ ማረፍ ሆነ።

ሻንጣዬን ስጠብቅ ደወልኩላት። ኤርፖርቱም ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ገና መኪና መፈለግ አለብኝ።

«እማዬ፣ ሻሸመኔ ደረስሽ?»

«የምን ሻሸመኔ? ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። አንተስ፣ ተነሳችሁ?»

አምስት ሰዓት ላይ ሰርግ ቤቱ ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። እማዬ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ሳመችኝ።

«መመለሻህስ በምንድን ነው?»

«ደርሶ መልስ ነው የተቆረጠው።»

«እንግዲያው የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ስጠኝ።»