ለጀማሪ መወድስ አይሰጥም

አንድ ምሽት ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ የዓድዋ ጦርነትን ጽሑፍ ስከታተል፣ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው «የካቲት 23 ቀን 1888» የሚለውን «1896» አድርጎ ሲለውጠው አየሁ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩና ወደ ነበረበት መለስኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና 1896 ሆነ። እኔም እንደገና መለስኩት። ለሦስተኛ ጊዜ አልመጣም። በዚያ ምሽት ጽሑፉን ከአጥፊ እንዳዳንኩ ቆጥሬ ተኛሁ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ሰው ምናልባት ውጭ አገር ያደገ፣ ስለ እኛ ዘመን አቆጣጠር በወሬ ብቻ የሰማ ልጅ ነበር። በሌላ ቋንቋ ያነበበውን ዓመት እኛ ጋ ሲያጣው ስህተት መሰለው፤ ሊያርምልን መጣ። «ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ማለት ነው፤ ብትችል ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፋቸው» ብዬ አንዲት መስመር ብተውለት ምን ነበረበት? ከእኔ ያገኘው ግን የተዘጋ በር ብቻ ነው።

አማርኛ ውክፔዲያ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ጽሑፎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የእንግሊዝኛው ሰባት ሚሊዮን አልፏል። በዚህ ልዩነት ብዙ ይለፈፋል፣ ዘመቻም ይታወጃል። እኔን የሚያሳስበኝ አዘውትረው የሚጽፉት ሰዎች ማነስ ነው፤ ከጥቂት ሰው ላይ አንድ ሲጎድል ይታወቃል። ግዙፉ የእንግሊዝኛው እንኳ የአራሚዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ አሽቆልቁሏል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ እኔ በዚያ ምሽት ያደረግሁት ነው፤ በቅን ልብ የመጣን ጀማሪ ሥራ ያለ ማብራሪያ መመለስ።

ለነገሩ ማስተማርን ከማንም መበደር አያስፈልገንም። በቅኔ ቤት ጀማሪው መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ከዚያ ይከተላል፤ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ገና ሩቅ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የጎደለውን እያሳዩ ያርሙለታል። እኛ ውክፔዲያ ላይ የምንጽፈው ግን ሰው ሰብስበን «ዛሬ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ አዲስ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ» እንላለን። መወድስ ማለት ይህ ነው። አዲስ ጽሑፍ ከሁሉም የከበደ ሥራ ነው። የካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ለእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ቀርቦ «ምንጩ አይበቃም» ተብሎ ተመልሶ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ውክፔዲያ ጉባኤ ቃና አያጣም። «ኃይለ ሥላሴ»ን «ሀይለስላሴ» ብሎ የፈለገ አንባቢ ጽሑፉን አጥቶ ከባዶ ሊጀምር ይችላል። ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚወስድ መምሪያ መንገድ ማበጀት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጀማሪውም የሠራው ሲሠራ ወዲያው ያያል። ምንጭ በሌለው ዓረፍተ ነገር ላይ የመጽሐፍ ስምና ገጽ መጨመርም እንደዚያው ነው። መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ ባይገኝ ችግር የለም፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

አንድ የራሴን ጥፋት ልጨምር። ሃያ ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ ዋይፋይ ላይ አስቀምጬ «አካውንት ክፈቱ» አልኳቸው። ስድስቱ ከፈቱ፤ ሰባተኛዋን አልቀበልም አላት። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከስድስት በላይ አዲስ አካውንት አይከፈትም። ሕጉ ለአጥፊዎች የወጣ ነው፤ እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር። እየቤታቸው ከፍተው ይምጡ ማለት፣ ወይም ገደቡ ለዚያ ቀን እንዲነሳ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃ ነበር። አሥራ አራቱ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ትዕግሥት ሁሉ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። የኮምፒውተር ትርጉም ሳያነብ የሚደፋብንን ሰው ቶሎ ማስቆም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ምን እንደደረሰበት ታይቷል። ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን ሞልቶበት ተገኘ። ያም ልጅ ግን ክፋት አልነበረበትም፤ ለዓመታት ከጎኑ ቁጭ ብሎ «ይህ ቃል እንዲህ አይባልም» ያለው የነበረ አይመስልም።

ከጎን ቁጭ ማለት ምን እንደሚመስል ያየሁት ከጎረቤቴ ጋር ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ ራስ ዳሸን የተጻፈውን ባሳያቸው 4,550 ሜትር የሚለው ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ይህ ተራራ ከመቼ ወዲህ አጠረ? 4,620 እያልኩ አይደል ያስተማርኩት!» አዳዲስ ልኬቶች ዝቅ እንዳደረጉት ነገርኳቸውና መጽሐፋቸውን እንዲያመጡ ለመንኳቸው። ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ መማሪያ ይዘው መጡ። አዲሱን ቁጥር ሳንነካ፣ የቀድሞ መማሪያዎች 4,620 ይሉ እንደነበር ገጹን ጠቅሰን ጨመርንበት። አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ግማሹ የአራት ነጥብ ቁልፍ ፍለጋ ነበር።

ቀጥለው የትውልድ ቀበሌያቸውን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አባታቸው እንደነገሯቸው ሊጽፉ ፈለጉ። በቃል የሰሙት ብቻውን ምንጭ እንደማይሆን ስነግራቸው «አባቴ ይዋሻል ነው የምትለኝ?» አሉ። ሌላ አገር ያለ አንባቢ አባትዎን ጠይቆ ማረጋገጥ አይችልም አልኳቸው። ዝም አሉ። ሕጉ ልክ ነው፤ ዝምታቸውም ልክ ነው፤ የእኛ አገር ታሪክ ስንቱ በሽማግሌ አፍ እንዳለ ለማንም አይጠፋም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደወሉልኝ። «ማን ነው የነካብኝ?» ሄጄ ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ ከፈትኩላቸው። ስሙን ያላስመዘገበ ሰው «ዳሸን» የሚለውን «ደጀን» አድርጎታል። ጣታቸው መመለሻው ቁልፍ ላይ ነበር። መጀመሪያ አንዲት መስመር ይጻፉለት አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፉ፤ «ሰላም ልጄ። ደጀን የሚሉ እንዳሉ እኔም ሰምቻለሁ፤ መጽሐፌ ግን ዳሸን ይላል። አንተ ከየት አገኘኸው?»