ባሬላው ከኋላም ይከብዳል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ቁጣው ከራሴ ስለሚጀምር ግን ቅር አይበላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴን ግቢ አጥር አሳጥር ነበር። ድንጋይና ሞልታ የሚያመላልሱ ሁለት የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አንድ ጎረምሳና አንዲት ሴት። ባሬላውን እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ይውላሉ። ባሬላ ይዛችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለአንዱ ከብዶ ለሌላው አይቀልም። እንዲያውም ዳገት ሲሆን ክብደቱ ወደ ኋለኛው ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ፎርማኑ ለእሷ በቀን 50 ብር ቀንሶ ቆጠረ። «ለምን?» አልኩት። ጥያቄዬ ገረመው። «ጋሼ፣ የሴት ዋጋ እኮ ነው» አለኝ። እኔም ከፈልኩና ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት 50 ብሩ ኪሴ ስለቀረ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሴት ዋጋ! የሲሚንቶ ዋጋ አውቃለሁ፣ የአሸዋ ዋጋ አውቃለሁ። ማን እንደተሸከመው ታይቶ ዋጋ የሚወጣለት ድንጋይ ግን የት አገር ነው ያለው? በሳምንት 6 ቀን ከሠራች 300 ብር ቀረባት ማለት ነው። በአራት ሳምንት 1,200 ብር። ይህን ብር እናንተም ሆናችሁ እኔ ከእሷ ወስደን ምን እንደገዛንበት እንኳ አናስታውስም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ፎርማኑ አላነበበው ይሆናል። እኔ ግን አንብቤው ነበር።

ሰበባችንንም አውቀዋለሁ። «ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል» እንላለን። ታዲያ ያቺ ሴት ድንጋይ የምትሸከመው ለስፖርት ነው እንዴ? ላጤ ስትቀጥሩስ «አንተ ሚስትና ልጅ የለህም» ብላችሁ ቀንሳችሁበት ታውቃላችሁ? «ጉልበቷ አነስተኛ ነው» የሚለውን ልስማችሁ። አንዳንድ ሥራ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። እንግዲያው በሠራችው ልክ ክፈሉ። ድንጋዩን እኩል አሸክማችሁ፣ ማታ ብር ስትቆጥሩ ነው እንዴ የጉልበቷ ነገር ትዝ የሚላችሁ?

ቢሮ የምትውሉ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደሞዝ በደረጃ ነው፣ እዚያ ላይ ወረቀቱ ጾታ አይለይም። የግል ድርጅት ግን በድርድር ነው፣ ድርድሩም በር ተዘግቶ። አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ስንት እንደሚያገኝ አታውቅም። ብትጠይቅ ነውር ነው፤ «የወንድ ደሞዝና የሴት ዕድሜ አይጠየቅም» ይሏታል። (አባባሉ ራሱ ሴት ደሞዝ ይኖራታል ብሎ እንዳላሰበ ልብ ብላችኋል?) ወንድሞቼ፣ ያ ምስጢር የሚጠቅመው ቀጣሪውን ነው። ባልደረባችሁ ስትጠይቃችሁ ንገሯት፣ ምንም አትሆኑም።

«ትወልድብናለች» የሚለውም አለ። እዚህ ላይ ቀጣሪውን ብቻ አልቆጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው ታርፋለች። ከፋዩ አሠሪው ነው። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን እኮ አራሷን ጠይቆ የገንፎ ዱቄት ማስፈጨት እንኳ አይደርስም። ሕጉ ራሱ ሴትን ውድ፣ ወንድን ርካሽ ሠራተኛ አድርጎ ለቀጣሪው እያሳየው ነው። እንደ ጡረታ ሁላችንም የምናዋጣበት ገንዘብ ቢኖርና ወጪው ከዚያ ቢሸፈን ይሻል ነበር። ያም ሆኖ ገና ላልወለደችው፣ ወልዳም ለጨረሰችው ደሞዝ መቀነስን ምን አመጣው?

አሁን ወደየቤታችን እንግባ። እህቶቼ፣ እናንተንም ነው፤ ቢሮ «እኩል ክፍያ» ብላችሁ ተከራክራችሁ ማታ የምትገቡበትን ቤት ማለቴ ነው። በር ላይ ዘበኛ አለ፣ ጓዳ ውስጥ ሠራተኛ አለች። የእሱ ሥራ ተረኛ ሲመጣ ያልቃል። እሷ ንጋት ላይ ተነስታ እንግዳ ከሸኘች፣ ሳህን ካጠበች በኋላ ነው ጎኗን የምታሳርፈው። ለእሱ ስንት ትከፍላላችሁ? ለእሷስ? «ትበላለች፣ ታድራለች» ትሉኛላችሁ። የምታድረው እኮ ሌሊት በር ስታንኳኩ እንድትከፍትላችሁ ነው።

አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፣ የእሷ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏታል። «የሁለቱ ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም» ብላችሁም ልታመልጡ ትችላላችሁ። አገራችን በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን የሚለው «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» ነው። ሥራው አንድ ዓይነት ይሁን አላለም። ልጅ ማሳደግና ደጅ መጠበቅ ይመዘኑ ከተባለ የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ እናንተው ፍረዱ። ልጃችሁን ለማን ጥላችሁ እንደምትወጡ ደግሞ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ተዉ። ፎርማን «የሴት ዋጋ» ሲላችሁ «እኔ ጋ የለም» በሉት። ሥራ ሲጀመር ለባሬላው ዋጋ ቁረጡ፣ ማንም ይያዘው። ደላላ «ይቺ ለገጠር ልጅ ይበቃታል» ሲላችሁ አትሳቁለት።

እኔ ይህን ያደረግሁት በመጨረሻው ሳምንት ነው። እናቴ ነች የነቃችብኝ፤ ሠራተኞቹን ቡና ስታጠጣ ሰምታ ኖሯል። «አንተ፣ ለእኔ አጥር ነው የሰው ገንዘብ የምታስቀረው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ልዩነቱን ቆጥሬ ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ አልነበረችም። ሌላ ሳይት አግኝታ ሄዳለች ተባልኩ። ፎርማኑን ስልኳን ብጠይቀው የለኝም አለ። ስሟን እንኳ አያውቀውም፣ «እህት» ነበር የሚላት። እኔም እንደዚያው።