14 አሸንፎ 5ኛ

ልጄ ሐምራዊ ማሊያዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። እኔ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ መግባት አለብኝ፤ ግን እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ይህን ሳልተነፍሰው ብተኛ ልቤ ይፈነዳል።

27 ለ 9። ጃንዋሪ 2025፣ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ጥሎ ማለፍ፣ ፕሌይኦፍ የሚሉት፤ የኔ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በሎስ አንጀለስ ራምስ ተሸነፈ። ጨዋታ መሪያችንን ሳም ዳርኖልድን ኳስ እንደያዘ ዘጠኝ ጊዜ መሬት ላይ ዘረሩት። ዘጠኝ! በአንደኛው ኳሷ ከእጁ ወደቀች፣ የራምሱ ጃሬድ ቨርስ አፈፍ አድርጎ 57 ያርድ ሮጠባት። እረፍት ላይ 24 ለ 3 ነበር። እሺ፣ ተሸነፍን። ነገሩ ሽንፈት ብቻ ቢሆን ሻዬን ጠጥቼ እተኛ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ጨዋታው የማን ቤት እንደነበር ነው።

ሎስ አንጀለስን እሳት እየበላት ስለሆነ (እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ደህና ናችሁ? እግዚአብሔር ይድረስላችሁ) ጨዋታው ወደ አሪዞና፣ ግሌንዴል ዞሯል። በዚህ ቅር አላለኝም፤ የሰው ቤት እየነደደ ስለ ኳስ ቦታ የሚከራከር ሰው አይደለሁም። ግን እሳቱ ሳይነሳም በፊት ባለቤቱ ራምስ ነበር። 10 አሸንፎ 7 የተሸነፈው ራምስ ባለቤት፣ 14 አሸንፈን 3 ብቻ የተሸነፍነው እኛ እንግዳ! ኧረ እስቲ ፍረዱኝ!

የገና ዕለት የሆነውን ያልሰማችሁ ስሙ። እዚያ የነበራችሁም ሳቃችሁን አልረሳሁትም።

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነን፣ ዶሮው ቀርቧል። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት መስከረም ላይ ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዱስ ጊዮርጊስን የደገፉ ሰው ናቸው፣ የደረጃ ሰንጠረዥ በቃላቸው ነው የሚይዙት።

«ልጄ፣ የናንተ ቡድን ጎበዝ ነው አሉ። ስንት አሸነፈ?»

«14፣ ጋሼ። ከ17።»

«ይበል! ከናንተ የበለጠ ያሸነፈ ስንት አለ?»

«በእኛ ወገን ካሉት 16 ቡድኖች አንድ ብቻ። ዲትሮይት፣ 15። ፊላደልፊያ ከኛ እኩል 14።»

«ስለዚህ ሁለተኛ ናችሁ። ቢከፋ ሦስተኛ።»

«አይ፣ አምስተኛ ነን።»

ጋሼ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«አምስተኛ? ሦስተኛውና አራተኛው ስንት አሸነፉ?»

«አሥር አሥር።»

ወደ ልጄ ዞሩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ የኔ እመቤት፣ ከአሥርና ከአሥራ አራት የቱ ይበልጣል?»

«አሥራ አራት!» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ኮራ ብላ።

«በይ ለአባትሽ አስረጂው።»

ያ ሳቅ! ቡና ስትቀዳ የነበረችው ጀበናውን ለቃ ልትጥለው ነበር። እኔ ላስረዳ ብዬ «ጋሼ፣ ምድብ የሚባል ነገር አለ፣ የየምድቡ አንደኛ ከ1 እስከ 4 ያለው ቦታ ይያዝለታል» አልኩ። «ቢሸነፍም?» «ቢሸነፍም።» «ካሸነፈው የተሸነፈው ቢበልጥም?» ምን ልበል? በገና ቀን አልዋሽ! «ቢበልጥም፣ ጋሼ።» ዝም ብለው አዩኝ፣ አዩኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ብላ ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ በሚያባብሉበት ድምፅ!

እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። ኤንኤፍኤል 32 ቡድን አለው፣ 16ቱ ኤኤፍሲ፣ 16ቱ ኤንኤፍሲ። እያንዳንዱ ወገን አራት አራት ቡድን ባላቸው አራት ምድቦች ይከፈላል። ከየወገኑ ፕሌይኦፍ የሚገባው 7 ነው፤ እስከ 2019 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) 6 ነበር። አራቱ የምድብ አንደኞች ከ1 እስከ 4 ይሰለፋሉ። የቀሩት ሦስት ቦታዎች ዋይልድ ካርድ ናቸው፣ ከ5 እስከ 7፤ ሰማይ ብትነካ ከ5 በላይ አትወጣም። 1ኛ የሆነው አንድ ሳምንት ያርፋል፣ 2ኛ 7ኛን፣ 3ኛ 6ኛን፣ 4ኛ 5ኛን ቤቱ ያስተናግዳል። በቃ። ድል የሚቆጠረው በየሰልፉ ውስጥ ነው እንጂ በሁለቱ ሰልፎች መካከል አይቆጠርም።

ምድብ ዋጋ ይኑረው፣ አልቃወምም። ከ17ቱ ጨዋታ 6ቱን የምትጫወተው ከምድብ ጎረቤቶችህ ጋር ነው፣ ሁለት ሁለቴ። ፍቅሩም ጥላቻውም እዚያ ነው። ምድቡን ያሸነፈ ይግባ! ግን ከገባ በኋላ ከሱ አራት የበለጠ ያሸነፈውን «ና ቤቴ» የሚለው በምን ሒሳብ ነው? መግባት አንድ ነገር፣ ማስተናገድ ሌላ ነገር። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ለጋሼም ልል የነበረው ይህን ነው፤ ማን አናግሮኝ!

የኛን ምድብ ደግሞ እዩት። ዲትሮይት 15፣ እኛ 14፣ ግሪን ቤይ 11። ሦስታችንም ፕሌይኦፍ የገባን ነን። ግሪን ቤይን ሁለቴም አሸንፈናል፣ ቺካጎን ሁለቴም አሸንፈናል። ጃንዋሪ 5 ማታ ዲትሮይት ላይ ከፕሌይኦፍ በፊት ያለው የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ያሸነፈ 1ኛ ሆኖ ቤቱ ተኝቶ ያርፋል፣ የተሸነፈ 5ኛ ሆኖ ሻንጣውን ያዘጋጃል። መሐል የለም! የዲትሮይቱ ጃሚር ጊብስ አራት ታችዳውን (የኛ ጎል በሉት) አስገባብን፣ 31 ለ 9። በአንድ ማታ ከአናት ወደ አምስተኛ።

በዚያው ዕለት ራምስ ምን ሲሠራ ነበር? ዋናውን ጨዋታ መሪ ማቲው ስታፎርድን አስቀምጦ ተጠባባቂ እያጫወተ ነበር። በሲያትል ተሸነፈ፣ ግድም አልሰጠው፣ ምድቡን ከሳምንት በፊት ይዞታል። ያዘው ስል ደግሞ እንዴት እንደያዘው ስሙ። ራምስም ሲያትልም በመጨረሻ 10 አሸንፈው 7 ተሸንፈዋል፣ እኩል። የለያቸው ምን መሰላችሁ? ያሸነፏቸው ቡድኖች በተራቸው ስንት ጊዜ እንዳሸነፉ ተደምሮ የሚገኝ ቁጥር! ነገሩ የተቆረጠውም እነሱ በሌሉበት፣ ዋሽንግተን አትላንታን በተጨማሪ ሰዓት ባሸነፈች ማታ ነው። አንደኛው 4ኛ ሆኖ ቤቱ አስተናገደ፣ ሌላኛው በዚያው 10 ድል ጭራሽ አልገባም። ሲያትል ያለችው እህቴ የዚያን ለት ደውላ ስታለቅስ ላጽናናት ስሞክር ነበር፤ አሁን የኔ ተራ ደረሰ፣ እሷ ግን ተኝታለች መሰለኝ ስልክ አታነሳም።

የዚህ መለኪያ ዝርዝር ርዝመቱ! የእርስ በርስ ውጤት፣ የምድብ ውጤት፣ የጋራ ተጋጣሚዎች ውጤት፣ የኮንፈረንስ (የወገን) ውጤት እያለ ይወርድ ይወርድና ሁሉም እኩል ከሆነ መጨረሻው ሳንቲም መወርወር ነው። ሰው ዓመት ሙሉ አጥንቱን ሲሰብር ከርሞ ሳንቲም!

የዲሲ ዘመዶቼ ከትናንት ጀምሮ በደስታ ስልኬን እያቃጠሉት ነው። ዋሽንግተን 12 አሸንፎ ታምፓ ሄዶ፣ 10 ያሸነፈውን ታምፓን 23 ለ 20 ጣለው። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ለምን ታምፓ ድረስ ሄዳችሁ? 2020ን ረሳችሁት? ያኔ 7 አሸንፋችሁ 9 ተሸንፋችሁ፣ ምድቡ ባዶ ስለነበረ ብቻ አንደኛ ተባላችሁ፣ 11 ያሸነፈውን ያንኑ ታምፓን ቤታችሁ አስመጣችሁት። ያኔ በማይገባችሁ አስተናገዳችሁ፣ ዘንድሮ የሚገባችሁን ተከለከላችሁ። ሁለቱም ልክ አይደለም! የአጎቴን ልጅ ይህን ብለው «እኛ አሸንፈናል፣ አንተ ማልቀስህን ቀጥል» አለኝ። ይኸው ቀጥያለሁ።

«ቤት ምን ለውጥ ያመጣል?» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ሲያትልን ጠይቁ። በ2010 የውድድር ዘመን 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደ። ሻምፒዮኑ ኒው ኦርሊንስ 11 አሸንፎ እዚያ ድረስ መጣ። የሲያትሉ ማርሾን ሊንች 67 ያርድ ሰው እየገረሰሰ ሲሮጥ የሕዝቡን ጭፈራ የመሬት መንቀጥቀጥ መሣሪያ ነው የመዘገበው። 41 ለ 36፣ ሻምፒዮኑ ወደ ቤቱ። ያ ጨዋታ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቢሆን መሬቱ ለማን ነበር የሚንቀጠቀጠው? ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ኒው ኢንግላንድ 11 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ሳይገባ ሲቀር፣ 8 አሸንፎ 8 የተሸነፈው ሳን ዲዬጎ በምድብ አንደኛነት ገብቷል።

አሪዞና ራሷ ደግሞ ሌላ ቁስሌ ናት። እዚህ አገር የመጣሁት በ2003 ነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፈን ነበር፤ እንግሊዝኛውን ሳልይዝ ቫይኪንግስን የያዝኩት ያኔ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፣ አሪዞና ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ 3 ብቻ ካሸነፈ ቡድን ጋር። 17 ለ 6 እየመራን ሁለት ደቂቃ አልቀረም። በመጨረሻዋ ቅጽበት የአሪዞናው ኔት ፑል ኳሷን ጥግ ላይ ቀለባት። 18 ለ 17። ግሪን ቤይ ገባ፣ እኛ ቀረን። ያን ማታ አብሮኝ የነበረው ልጅ አሁን ይህን እያነበበ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ዛሬም እዚያው አገር ላይ ነው።

አሁን የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ራምስ በኦክቶበርም አሸንፏችሁ የለ? 30 ለ 20።» አዎ፣ አሸንፎናል፣ የዓመቱን ሦስት ሽንፈት የቀመስነው ከዲትሮይት ሁለቴ፣ ከራምስ አንዴ ነው። «ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለማይጫወት 14 እና 10 አይወዳደሩም።» ይህ ለሌላ ዓመት ይሠራ ይሆናል። ዘንድሮ ግን ምድባችን ከራምስ ምድብ ጋር ነው የተጫወተው! ሳን ፍራንሲስኮን አሸነፍን፣ አሪዞናን አሸነፍን፣ ሲያትልን እዚያው ሲያትል ሄደን አሸነፍን። ከአራቱ ሦስቱን! የቅርጫት ኳሱ ኤንቢኤ እንኳ በ2015 የምድብ አንደኛነትን ትቶ ደረጃውን በድል ብዛት አድርጎታል፤ ሰማይ አልተደፋም።

ይህን ሁሉ የምጮኸው ለራሴ ቢሆን ዝም ባልኩ። ጃንዋሪ 2023 ላይ 13 አሸንፈን፣ የምድብ አንደኛ ሆነን፣ ኒውዮርክ ጃያንትስን ሚኒያፖሊስ አስተናገድን። አለቃዬ ፈረቃ አልቀይርም ብሎኝ ሥራ ላይ ዋልኩ። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ ያ ትልቁ ቀንድ ሲነፋ፣ ከ66 ሺህ በላይ ሰው የኛን መፈክር «ስኮል!» ሲል አይታ «ውሰደኝ» አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ብዬ ማልኩላት። ከዚያ ጀምሮ በወር በወር ትንሽ ትንሽ አስቀምጣለሁ። ዘንድሮ 9 ስናሸንፍ፣ 11 ስናሸንፍ፣ 13 ስናሸንፍ ማቀዝቀዣው ላይ በእስክሪብቶ መዝግባለች፤ 14 ስንደርስ በትልቁ ጻፈችው። 13 አሸንፈን ቤታችን፣ 14 አሸንፈን ሰው ቤት! ገንዘቡ ፖስታ ውስጥ አለ። ፖስታው መሳቢያ ውስጥ አለ።

እሑድ ጥምቀት ነው። ጋሼ ይመጣሉ፣ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ለሳቸው እንኳ መልስ አላጣም።

ማታ ግን ብርድ ልብሷን ሳለብሳት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ «አባዬ፣ 15 ብናሸንፍስ?» አለችኝ። ተኚ አልኳት። ኩሽና ገብቼ አሰላሁት። ዲትሮይት 16 ካሸነፈ፣ 15ም አምስተኛ ነው።