ዱባይ ደርሰው እግራቸው ላልራሰ ጀግኖች

አገራችን ለሯጮቿ ሜዳሊያ አጥልቃለች፣ ለአርበኞቿ ሐውልት አቁማለች። አንድ ጀግና ግን እስካሁን ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም፤ ዱባይ ሄዶ፣ ሰንብቶ፣ ዱባይን ሳያያት በሰላም የሚመለሰው ወገናችን።

የዚህን ሰው ገድል የሚያቃልሉ አሉ። አይፈረድባቸውም፣ ፈተናውን አያውቁትም። ዱባይ እኮ እዩኝ እዩኝ የምትል ከተማ ናት። ቡርጅ ኸሊፋ የሚባል 828 ሜትር ፎቅ ገትራለች፤ ባሕሩን ደልድላ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት ሠርታለች፤ ጁሜይራ ላይ ያለ ምንም ክፍያ የሚገባበት የሕዝብ ባሕር ዳርቻ ዘርግታለች። ይህ ሁሉ ወጥመድ ተደግኖበት የእኛ ሰው ጠዋት ናይፍ ገበያ፣ ከሰዓት ድራጎን ማርት የሚባለው የቻይና ዕቃ ገበያ፣ ማታ ዕቃውን ወደ አገር የሚልክበት ካርጎ ቤት ብሎ ቀኑን ይጨርሳል። ዓይኑ ግራና ቀኝ አያይም። የዋልድባ መናኝ እንኳ በእንዲህ ያለ ጽናት ዓለምን የናቀ አይመስለኝም።

ጽናቱ ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ የባሕር ነገር ሲታሰብ ነው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ስለሌለንም ከአፋችን አይጠፋም። ማኪያቶ ቀርቦ ስለ ባሕር በር ሳይነሳ የሚጠጣበት ካፌ ካለ አሳዩኝ። አንዱ ናፕኪን ላይ ካርታ ይሥላል፣ ሌላው አባቱ በንጉሡ ጊዜ ምፅዋ ላይ የበሉትን ዓሣ እሱ የበላው ያህል ይተርካል፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ይደበድባል። ይኸው ጠረጴዛ ደብዳቢ ቪዛ አግኝቶ፣ አራት ሰዓት ያህል በርሮ፣ ስንት የተቆጨለት ባሕር አጠገብ ሲደርስ ሆቴል የሚይዘው ግን ለካርጎ ቤት በሚቀርበው ሰፈር ነው።

እርግጥ ነው፣ ከመካከላቸው ደካሞች አይጠፉም። አንዳንዱ ጓደኛ ገፋፍቶት ባሕሩ ዘንድ ይደርሳል። ደርሶም እጅ አይሰጥም፤ ጀርባውን ይሰጣል። ስልኩን ከፍ ያደርጋል፣ አገጩን ዝቅ ያደርጋል፣ ባሕሩን ከትከሻው በላይ በጣት ስፋት ያህል ያስገባዋል፣ ቀጭ። ጫማውን አያወልቅም፤ ጫማው ትናንት ነው የተገዛው፣ ጨው ይበላዋል። ውሃውን በእጁ አይነካም፤ እጁ ስልክ ይዟል። ሃያ ፎቶ አንስቶ፣ ለሃያኛዋ «አምላክ ሲረዳ» የሚል ጽፎላት፣ ታክሲ ይጠራል። ባሕሩ እዚያው እንደ ግድግዳ ወረቀት ተለጥፎ ይቀራል።

አበው «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብለው ነበር። ተጓዣችን ተረቱን አሻሽሎታል። ዓባይን አይቷል፤ ከቡርጅ ኸሊፋ ባሕሩ በታክሲ ሩቅ አይደለም፤ እሱ ግን ምንጩን ያመሰግናል። ከፎቁ ሥር የተቆፈረው ሰው ሠራሽ ኩሬ ላይ ማታ ማታ ውሃ በሙዚቃ ይጨፍራል፣ ሽቅብ ይፈናጠራል። ትርኢቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች እሱ ላይቭ ገብቶ ያሳልፋቸዋል። «ቲጂዬ እንኳን ደህና መጣሽ… አቤ ሼር አድርጋት… ኧረ ድምፅ ይሰማል? አይሰማም?» እያለ የገባውን ሰው ስም ሲያነብ ውሃው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ጸጥ ይላል። ከዚያ ዞር ብሎ «አለቀ እንዴ?» ይላል። በዚህም አይከፋም፤ ቪዲዮው አለው። ቪዲዮውን መቼም አይከፍተውም፣ ግን አለው።

ወደ ሆድ እንግባ፤ ጀግንነቱ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው እዚህ ነው።

ደይራ በሚባለው የዱባይ የንግድ ሰፈር ውስጥ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ። ግድግዳው ላይ የላሊበላ ፎቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የአገር ቤት ዘፈን፣ ጥግ ላይ ቄጠማ መስሎ የተነጠፈ ፕላስቲክ። ተጓዣችን ይቀመጣል፣ ወገቡን ያላቅቃል፣ አስተናጋጇን ይጠራል።

«እንጀራው የመቼ ነው?»

«ትኩስ ነው ጋሼ፣ ሌሊት በአውሮፕላን የገባ ነው።»

ፊቱ ይፈካል። ማሰብ ነው እንግዲህ፤ ሰውየውና እንጀራው በአንድ ሰማይ በርረው፣ በአንድ ጉምሩክ አልፈው፣ ሊገናኙ የሚችሉት ቦሌ ሆኖ ሳለ ደይራ ድረስ መጥተው ተገናኙ። እንዲህ ያለ ፍቅር በዘፈንም አልሰማሁም። ጥብሱ ይመጣል። አንዴ ጎርሶ ራሱን ይነቀንቃል፤ «እንደ አገር ቤት አይሆንም።» ሒሳቡ ይመጣል። ስልኩን አውጥቶ ድርሃሙን ወደ ብር ያባዛል፣ ይደነግጣል፣ ደግሞ ያባዛል። «በዚህ ብር ቦሌ አንድ ሰፈር አበላበት ነበር» ይላል። ነገም እዚሁ ይመጣል።

ከበሩ ውጭ ያለው ፈተና ቢነገር አያልቅም። የባሕረ ሰላጤው ሰው ሩዙን በደረቀ ሎሚና በቅመም ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር የሚያበስለው ማችቡስ አለ። ስንዴና ሥጋ አንድ ላይ ተቀቅሎ እስኪዋሃድ የሚመታው ሐሪስ አለ። በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ሊጡ በእጅ ተዳምጦ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚወጣው ረጋግ አለ። ሉቀይማት ደግሞ ቦምቦሊኖ ቢወልድ የሚመስለው ልጅ ነው፤ ክብ፣ ትንሽ፣ ውጩ ቀጭቀጭ የሚል፣ የቴምር ሽሮፕ የፈሰሰበት። ጣፋጭ ፓስታ ላይ እንቁላል ጣል አድርገው ቁርስ የሚሉትን ባላሊጥ እኔም በመጀመሪያ ስሰማ ግንባሬን ቋጥሬያለሁ፣ እሱን አልደብቅም። ደይራ የሚገኘው የውሃ ዳር ገበያ ውስጥ ግን ሐሙር የሚባለው ዓሣ በበረዶ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን አፍጥጦ ያያችኋል። ተከራክራችሁ ትገዛላችሁ፣ አስጠርጋችሁ እዚያው ታስጠብሳላችሁ። ሀበሻ ለክርክር ካልተፈጠረ ለምን ተፈጠረ? የእኛ ሰው ግን ዓሣ ገበያ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ «ይሸታል» ብሎ አልፎታል። ጾም ነው ብዬ ልከራከርለት አስቤ ነበር፤ ጥብሱ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

«የዐረብ ምግብ አይስማማኝም» ይላል በኩራት።

«ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«ምን ያደርግልኛል!»

ቅርስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ተጓዣችን ከመናኝነት ወደ ሊቅነት ይሸጋገራል። «ዱባይ ምን ታሪክ አላት? ትናንት አሸዋ ነበረች። እኛ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያለን ሕዝብ ነን» ይላል። ይህን የሚለው እ.ኤ.አ. በ1787 በተሠራው የአል ፋሂዲ ምሽግ በኩል በታክሲ ሲያልፍ ነው። ከምሽጉ ጎን ያለውን አሮጌ ሰፈር አያየውም፤ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ቤቶች፣ በጣራቸው ላይ ከአራት አቅጣጫ ነፋስ ጠልፈው ወደ ክፍሉ የሚያወርዱ ማማዎች። ኤሌክትሪክ ሳይኖር በዚያ ሙቀት ሰው ተኝቶ ያደረው በዚህ ብልሃት ነው። ተጓዣችን በዚሁ ሰዓት የታክሲውን ኤሲ «ጨምረው» እያለ ነው።

ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከዚያ በፊት ከተማዋን ያኖራት ንግድና ዕንቁ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ ዛጎሉን በቅርጫት ሰብስቦ በገመድ ይጎተታል። በጋውን ሙሉ እንዲህ ነው። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችም ነበሩባቸው። ጃፓኖች ዕንቁን ማርባት ሲችሉና እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም ገበያ ሲወድቅ ሥራው ሞተ። ይህን የሚተርኩት ሙዚየሞች ወደ ከተማዋ ከሚገባው የባሕር ክንድ፣ ከክሪኩ ዳር ናቸው። የእኛ ሰው ዕንቁን የሚያውቀው ሁሉም ዕቃ አሥር ድርሃም ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ለአክስቱም ለምራቱም ወስዷል፤ ፕላስቲክ መሆኑን ማንም አይጠይቅም።

እዚያው አሮጌው ሰፈር ውስጥ የቡና ሙዚየም አለ። የእኛም ጀበና ቦታ አለው። ከየአገሩ የመጣ ቱሪስት የኢትዮጵያ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ቆሞ ያያል። ኢትዮጵያዊው የለም፤ ኢትዮጵያዊው የገበያ ማዕከል ውስጥ ወረፋ ይዞ፣ ስሙ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈበት የወረቀት ኩባያ እየጠበቀ ነው። በነገራችን ላይ ይህ የሦስት ሺህ ዘመን ባለታሪክ አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም የጎበኘው ስምንተኛ ክፍል እያለ ነው። ያኔም ሉሲ ፊት ቆሞ ከጓደኛው ጋር ይላፋ ነበር።

እንግዲህ ሁሉን የናቀ ሰው ምን ያከብራል? ኪሎ ያከብራል። ሌላው ቱሪስት ከተማን በትዝታ ይለካል፣ የእኛው በኪሎ። የወርቅ ገበያው ውስጥ በዓለም ትልቁ ተብሎ በጊነስ የተመዘገበ ቀለበት በመስታወት ውስጥ ቆሟል፤ ክብደቱ ወደ 64 ኪሎ ይጠጋል። ሕንዱ አፉን ከፍቶ ያየዋል፣ ሩሲያዊቷ ፎቶ ትነሣለች። ተጓዣችን ለአፍታ ያሰላና «በትርፍ ኪሎ ስንት ያስከፍላል!» ብሎ በሐዘኔታ ያልፋል።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደግሞ እዩት። ሻንጣው ወለሉ ላይ ተከፍቷል። የሕፃን ወተት፣ ብርድ ልብስ፣ ብሌንደር፣ ስድስት ሽቶ፣ የማን እንደሆነ የተረሳ የመኪና ዕቃ። ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። በመጨረሻም ብልሃቱ ይመጣል፦ ሦስት ጃኬት ደርቦ ይለብሳል። ውጭው እሳት ነው፤ እሱ ደብረ ብርሃን ሌሊት ለዘብ የወጣ ይመስላል። ላቡ በአንገቱ እየወረደ ከኋላው የቆሙትን እናት «እማማ፣ ኪሎ አለዎት?» ይላቸዋል። እማማም ሁለት ጃኬት ለብሰዋል።

ሲመለስ የሚደረግለትን አቀባበል ታውቁታላችሁ። «ዱባይ እንዴት ነው?» ይባላል። «ሙቀት ነው፣ ፎቅ ነው፣ አለቀ» ይላል። ከዚያ ለቀጣዩ ተጓዥ ምክር ይለግሳል፤ የትኛው ሱቅ ላፕቶፕ እንደሚቀንስ፣ የትኛው ካርጎ ዕቃ እንደማይሰብር። እውቀቱ ጥልቅ ነው፣ አልክድም። የናይፍን ጀርባ መንገዶች እንደሱ የሚያውቅ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ለነገሩ ዱባይን የሚያውቁ ሀበሾች የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ ግን ጀግኖች አይደሉም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሠርተው ባገኟት የዕረፍት ቀን ወደ ክሪኩ የሚወርዱ እህቶቻችን ናቸው። ከባሕሩ ተሰንጥቆ ከተማዋን ደይራና ቡር ዱባይ ብሎ በሚከፍለው ውሃ ላይ አብራ በሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ይሻገራሉ። ፍሪጅና ጎማ ተጭነው ወደ ኢራንና ወደ ሶማሊያ ወደቦች የሚሄዱትን ትልልቅ የእንጨት መርከቦች ይቆጥራሉ፤ ሉቀይማት የሚጣፍጠው የት እንደሆነ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዷ የተጓዣችን የእህቱ ልጅ ናት። የዕረፍት ቀኗን ለእሱ ሰጥታ፣ ካርጎ ቤት ዕቃ አስመዝና፣ ሲመሻሽ መሳፈሪያው ጋ አቆመችው።

«አጎቴ፣ በአብራ እንሻገር። ማዶው ደስ ይላል።»

«ስንት ነው?»

«አንድ ድርሃም ነው እኮ።»

«አንድ ድርሃም ዛሬ ስንት ገባ?»

«በባንክ ነው በብላክ?»

ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ በባንክ አሰላው፣ ከዚያ በብላክ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ደርሶ መልስ ብሎ በአራት አባዛው። ጀልባዋ ሞላች፣ ሄደች። ሌላ መጣች። «በአራት ድርሃም» አለ በመጨረሻ ስልኩን እየሰጣት «ሁለት የቻርጀር ገመድ ይመጣል። በይ ጀልባዋ ሳትንቀሳቀስ ከፊቷ አንሺኝ። ውሃው ይግባ።»

ፎቶው ያን ማታ ተለጠፈ። «ከባሕር ጉዞ መልስ» ይላል።