ለዲፌንስ የጆርናል ደረሰኝ አምጡ?

እዚሁ መሀል አዲስ አበባ ያለ አንድ የድኅረ ምረቃ ክፍል ሰሞኑን ማስታወቂያ ለጥፏል። የማስተርስ ተማሪ ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቱን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ፈተና፣ ከመግባቱ በፊት ጽሑፉን ለጆርናል (ለምርምር መጽሔት) መላኩን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያቅርብ ይላል። ቀነ ገደቡ ሰኔ 15 ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት ያግኝ አላለም። ይገምገምም አላለም። ይላክ ብቻ ነው ያለው።

ጽሑፍ ልኮ የሚያውቅ ሰው ማረጋገጫው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ፋይሉን ጭነው የመጨረሻዋን ቁልፍ ሲነኩ ሲስተሙ በራሱ የሚልከው ኢሜይል ነው። ማንም ሰው አንብቦ የጻፈው አይደለም። ደረሰኝ የምለው ይህንኑ ነው። የሁለት ዓመት ትምህርት በዚህች ኢሜይል ላይ ይንጠልጠል ማለት ምን ዓይነት ውሳኔ ነው?

ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ለምን ብለው ለጠየቁ ተማሪዎች የተሰጠው መልስ ነው። «እናንተ ላኩት፤ ቀሪውን ጆርናሉ ያስተካክለዋል» ተባሉ።

ማን ነው የሚያስተካክለው? አርታኢው ያልተዘጋጀ ጽሑፍ ሲደርሰው ለገምጋሚ እንኳ ሳያሳይ ይመልሰዋል። ገምጋሚው ደግሞ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለውም። እኔም እገመግማለሁ። የማነበው ማታ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ሥራዬ ጥናቱ ይታመናል ወይ ብሎ መጠየቅ እንጂ የሰው ማጣቀሻ መደርደር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እዚህ የደረሰው ከሥራቸው ላይ ሰዓት ቆርሰው ጽሑፍ በሚያነቡ ባለሙያዎች ነው። በእነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ለደረሰኝ ሲባል የተላከ ረቂቅ መከመር ነውር ነው።

ለጆርናል ማዘጋጀት የቴሲስን (የመመረቂያ ጽሑፍን) መቶ ገጽ ቆርጦ ሦስት ሺህ ቃል ማድረግ የሚመስለው ሰው አለ። ያ ሰው ሥራውን አንድም ቀን አልሠራውም። ጥናቱ ውስጥ የተደበቀው ስህተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በዲፌንስ ቀን ሳይሆን ለጆርናል ሲዘጋጅ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አምና አንዲት የጤና ባለሙያ ረቂቋን ይዛ መጣች። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አየነው። ጥናቷ በ422 ሰው ላይ ነበር። የአገራችንን የጤና ጥናት የሚያነብ ሰው ይህን ቁጥር በደንብ ያውቀዋል። ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን የሚያሰላው የተለመደው ቀመር 384 ይሰጣል፣ መልስ የማይሰጥ ሰው ቢኖር ተብሎ 10 በመቶ ይጨመርበታል፣ 422 ይሆናል። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ድምር 422 ነው። የሦስተኛው ግን 409 ሆነ። 13 ሰው የት ገባ?

ቴሲሱ ላይ በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል ከሃያ ገጽ በላይ አለ። አማካሪዋ አላዩትም። ፈታኞቹም አላዩትም። «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብላ አልፋለች። ጆርናሉ ከአምስት ሠንጠረዥ በላይ አልቀበልም ስላለ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው ጉዱ የፈጠጠው። ተነስታ ወደ መጠይቆቹ ሄደች። 13ቱም የአንድ ጤና ጣቢያ ሰዎች ናቸው። መጠይቁ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ አንድ ገጽ ተዘሏል። የመጨረሻው ትንተና ላይ ደግሞ ባዶው ሁሉ «አይ» ተብሎ ተቆጥሯል። እንደገና ስትሠራው አንዱ ዋና ግኝቷ ጠፋ።

አለቀሰች። እኔም ከፋኝ። ግን ያ ግኝት እንዲሁ ቢታተም ኖሮ ሰው ይጠቅሰው ነበር። አንድ ጤና ቢሮ ውስጥ እቅድ ይወጣበት ይሆናል። ስትሮብ የሚባለው፣ እንደ እሷ ላለ ጥናት የወጣው ባለ 22 ነጥብ ዝርዝር ያልተመለሰው መረጃ ስንት እንደሆነ ጻፉ የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ተማሪ ግን ዝርዝሩን ሁሉም ላይ ምልክት አድርጎ ይልከዋል። ቀነ ገደብ አለበታ!

ሌላም አለ። «መረጃው የተሰበሰበው በ2015 ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚልክ ተማሪ ስንቴ አጋጥሞኛል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። የውጭው አንባቢ ግን ከኮቪድ በፊት የተሠራ ጥናት ይመስለዋል። የሰባት ዓመት ስህተት በአንዲት ቁጥር! ስማችንም እንዲሁ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የሞላ ተመራማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጋል። ማስታወቂያ አያስረዳም።

የጸሐፊነት ጉዳይንም ልተወው አልችልም። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው። በጥናቱ ላይ በተጨባጭ መሥራት፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፣ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን። አራቱም ካልተሟሉ ስም አይገባም። ታዲያ ተማሪው ደረሰኙን በሩጫ ሲያወጣ ረቂቁን መቼ ነው አማካሪው የሚያነበው? አይነበብም። ስሙ ግን ይገባል። ክፍሉ በገዛ ማስታወቂያው ሰው ያላነበበውን ጽሑፍ እንዲፈርም እየገፋ ነው።

ገንዘብ ብቻ የሚያሳድዱ የውሸት ጆርናሎችም ይህችን ቀን ነው የሚጠብቁት። የማስተርስ ተማሪን «ክቡር ፕሮፌሰር» እያሉ ኢሜይል የሚልኩት፣ በሳምንት እናትማለን፣ ገንዘቡን ብቻ ላኩ የሚሉት። ደረሰኝ የጠየቀ ክፍል በእነሱና በእውነተኛው ጆርናል መካከል ልዩነት አላስቀመጠም። ተማሪው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ደህናው ጆርናል ላይ የላከውም ቢሆን ዲፌንሱ ባለፈ ማግስት ጽሑፉን መልሶ ይወስደዋል። ወይም ቶሎ የሚመልስለትን ፍለጋ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ቦታም ይልከዋል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ደግሞ በታወቁ የሕክምና ጆርናሎች ዘንድ ክልክል ነው።

ቴሲሶቻችን መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጡ መቅረታቸው እውነት ነው። ያንገበግባል፤ እዚህ ላይ ክፍሉ ልክ ነው። መፍትሔው ግን ጊዜና ሰው መስጠት ነው። ከዲፌንስ በኋላ ሁለት ወር ይሰጥ። አማካሪውና ተማሪው ጆርናሉን አብረው ይምረጡ፣ የጸሐፊዎች መመሪያውን አብረው ያንብቡ። ከክፍሉ ሁለት መምህራን ረቂቁን እንደ ገምጋሚ ይዩት። ይህ መምህራኑን ሥራ ያበዛባቸዋል። ይብዛባቸው! ማስተማር ማለት ይኸው ነው።

ያቺ ልጅ ጽሑፏን አርማ ከአራት ወር በኋላ ላከችው። ገምጋሚዎቹ ካነሱት ጥያቄ ሁሉ አንድም ስለ ቁጥር አልነበረም። በዘንድሮው ደንብ ብትመዘን ግን ያንን ባለ 13 ሰው ስህተት እንደያዘ ልካ ደረሰኟን ታመጣ ነበር፣ ክፍሉም ይቀበላት ነበር። ማስታወቂያው ከሰኔ 15 በፊት ይነሳ።