የሸካ ባህል ጭፈራው ብቻ አይደለም

ኅዳር 29 ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ምን እንደሚያሳየን እናውቃለን። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ የሚኖሩት ሸካውም ካፋውም ማጃንጉም ተራው ሲደርስ አጊጦ ይወጣና ጨፍሮ ይወርዳል። እኛም ሶፋ ላይ ሆነን «ባህላችን ሲያምር!» እንላለን። ጭፈራ አልጠላም። ግን ስለ ደን ሕዝቦች የምናውቀው ይቺን ብቻ ከሆነ ዋናው ነገር አምልጦናል ባይ ነኝ።

ዋናውን ማየት የፈለገ ሸካ ውስጥ ማሻ ከተማ አካባቢ ጫካ ገብቶ ቀና ይበል። ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ለእንግዳ ሰው ጫካው የማንም፣ ቀፎውም እንደተገኘ የተሰቀለ ይመስለዋል። አይደለም። ያ የጫካ ክፍል ባለቤት አለው። ሥርዓቱ ኮቦ ይባላል፤ በሸካም በካፋም አለ። አባት ለልጁ ያወርሰዋል፣ ድንበሩን ጎረቤት ያውቀዋል፣ በሰው ኮቦ ገብተህ ቀፎ አትሰቅልም። ታዲያ ማር የሚሰጥህን ዛፍ ማን ይቆርጣል? ንቦቹ አበባውን የሚቀስሙት ጌተማ የሚባለው ዛፍ ከተቆረጠ እኮ ያ ነጭ የማሻ ማር የለም። ከዛፉ ሥር ኮረሪማው አለ፣ ጢምዙ አለ፣ የጫካ ቡናው አለ። ደግሞ ደዶ የሚባሉ የተከበሩ ቦታዎች አሉ፤ ትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ምሳር ይዞ የሚገባ የለም።

የካፋ ደን በ2002፣ የሸካ በ2004፣ የማጃንግ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ ተብለው ሲመዘገቡ አጨበጨብን። ጥሩ ነው። ግን ዩኔስኮ የመዘገበው ቆሞ ያገኘውን ደን ነው። ያቆሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ሕጉ ደግሞ ሲያያቸው አልኖረም። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ኮቦ ከወረቀት ላይ ጠፋ፤ ጫካ ውስጥ ግን ሰዉ እርስ በርሱ እየተከባበረ ቀጠለ። በ1999 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 ሁለት ዓይነት ደን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ የግልና የመንግሥት። የአያትህ ኮቦ እንግዲህ የማን ሊባል ነው? የመንግሥት ነዋ! የመንግሥት ከሆነ ደግሞ «ክፍት መሬት» ተብሎ ለሻይና ለቡና ልማት በሄክታር ይሰጣል፣ ቀፎ ሰቃዩም ዶዘር ሲገባ ነው የሚሰማው። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብና የማኅበር ደንንም አወቀ። ትልቅ እርምጃ ነው፣ አልክድም። ችግሩ፣ ኮቦ ማኅበር አይደለም፤ የቤተሰብ ነው። ሃምሳ ሰው አደራጅቶ ማኅተም መስጠት ቀላል ነው፤ ከመሃላቸው የማን አባት ኮቦ የቱ ጋ እንደሆነ ካልተጠየቀ ግን ጠብ መዝራት ነው የሚሆነው። እኔ የምለው፣ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ሽማግሌዎቹ ጫካውን እየዞሩ ኮቦ በኮቦ ያሳዩ፣ ያ ይመዝገብ፣ ማኅበሩ ከዚያ በላይ ይቀመጥ።

አሁን ደግሞ የማያስደስተው። ባህል ስል ሁሉንም አላሞግስም። በካፋም በሸካም ማንጃ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። ደን ውስጥ እያደነ የኖረ፣ እንጨትና ከሰል እየሸጠ የሚያድር፣ ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። «ጉሬዛ ይበላሉ፣ ከርከሮ ይበላሉ» ተብለው ከሰው ማዕድ ተገለሉ። ቤታቸው አይገባም፣ ዕቃቸው አይነካም፣ ጋብቻማ አይታሰብም። ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ግን ኮቦ ይመዝገብ ስል የምፈራው ይሄንኑ ነው፤ መዝገቡ የድሮውን እንዳለ ገልብጦ ማንጃውን ደጅ እንዳያስቀረው። ስለዚህ መዝጋቢው ቀበሌ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቡና ማንጃ ቤት ገብቶ ይጠጣ። ሽማግሌዎቹንም ይዞ።